ጠርሙሱ የውሃ፣ ውስጡ በረኪና

ጥያቄ፦ «የ2 ዓመት ከ4 ወር ወንድ ልጅ አለኝ። ባለፈው ቅዳሜ ሠራተኛችን ሽንት ቤት ስታጥብ በሃይላንድ የነበረውን በረኪና መሬት ላይ አስቀምጣው ልጄ አንስቶ ተጎነጨ። እናቴ ወዲያው አንድ ብርጭቆ ወተት ጋተችው። ጎረቤት ጣት ከታችሁ አስመልሱት ስትል እኔ ፈርቼ እምቢ አልኩ። ወተቱን ራሱ አስመለሰው፤ ጤና ጣቢያ አይተውት ደህና ነው ብለው መለሱን። እኔ ግን አንጀቱ ተቃጥሎ ይሆን እያልኩ እንቅልፍ አጣሁ። ምን ምልክት ልጠብቅ? ወተቱስ ልክ ነበር? ሠራተኛዋ ደግሞ በረኪናውን ከሽንት ቤት አሲድ ጋር ቀላቅላው ኖሮ ይኸው እስከ ዛሬ ሐሙስ ትስላለች። እንዲህ ጥንቃቄ ካጣች ላሰናብታት እያሰብኩ ነው።» — እናት፣ ከአዲስ አበባ

መልስ፦ የልጅዎን ነገር አስቀድሜ ልመልስ፤ የቀረውን ረጋ ብለው እንዲያነቡት። ልጁ እንደ ወትሮው እንጀራና ዳቦ የሚውጥ፣ ለሃጩ የማይዝረበረብ፣ ድምፁ ያልጎረነነና ትኩሳት የሌለው ከሆነ፣ ከ5 ቀን በኋላ እንቅልፍ የሚያጡበት ምክንያት አይታየኝም። ለቤት የሚሸጠው ተራ በረኪና አብዛኛውን ጊዜ ከ3 እስከ 6 በመቶ ሶዲየም ሃይፖክሎራይት ያለበት ፈሳሽ ነው። የሁለት ዓመት ልጅ አንድ ጉንጭ ደግሞ 5 ሚሊ ሊትር ገደማ፣ የአንድ ሻይ ማንኪያ ያህል ነው። ጣዕሙ ስለሚያንገሸግሸው አይደግምም። ይህ መጠን አፍና ጉሮሮን ይለበልባል፣ ሆድን ያውካል፣ አንድ ሁለት ጊዜ ያስመልሳል። አብዛኛው ልጅ በዚያው ያበቃለታል።

ያም ሆኖ የሚጠበቁትን ምልክቶች ልንገርዎ፤ ነገ ለጎረቤት ልጅም ይሆናሉ። ማጽጃ የጠጣ ልጅ ምራቁን መዋጥ አቅቶት ከተዝረበረበ፣ ውሃ ሲሰጡት ፊቱን ካዞረ ወይም ሲውጥ ካለቀሰ፣ ድምፁ ከሻከረ፣ ሲተነፍስ ጉሮሮው ካፏጨ፣ ደረቱን ወይም ሆዱን ይዞ ከጮኸ፣ ደጋግሞ ካስመለሰ፣ ትውከቱ ደም ከቀላቀለ፣ ወይም ፈዝዞ አልነቃ ካለ በቀጥታ ሆስፒታል ነው የሚኬደው። ብዙ ሰው፣ አንዳንዴ ባለሙያም ሳይቀር፣ የሚታለልበት አንድ ነገር አለ። አፉን ከፍተው አይተው ከንፈሩም ምላሱም ደህና ከሆነ «ምንም አልነካውም» ይባላል። አፉ ላይ ምንም ሳይታይ የምግብ ቧንቧው የተቃጠለ ልጅ ግን አለ። ፈሳሹ አፍ ውስጥ አይቆይማ፣ ያልፋል።

ይህን ስል በረኪናን ብቻ አስቤ አይደለም። እኔ ከበረኪና ይልቅ የምፈራው ኮስቲክ ሶዳን፣ የተዘጋ ቧንቧ የሚከፈትበትንና ቤት ውስጥ ሳሙና የሚያመርቱ ሰዎች የሚጠቀሙበትን ነው። በፌስታል ተቋጥሮ ወጥ ቤት ሲቀመጥ ከጨው ወይም ከስኳር አይለይም። አሲድ የነካው ሥጋ እንደ ተቀቀለ እንቁላል ይረጋል፤ የረጋው ሥጋ ራሱ ለሥሩ መከለያ ይሆነዋል። ኮስቲክ ሶዳ ግን ሥጋውን እያሟሟ፣ ስቡን ወደ ሳሙና እየለወጠ ወደ ውስጥ ይሄዳል። በርሜል ውስጥ ሳሙና የሚሠራበት ኬሚስትሪ ነው ልጁ ጉሮሮ ውስጥ የሚካሄደው።

አንዲት የ4 ዓመት ልጅ ትዝ ትለኛለች። እናቷ ያመጣቻት ነገሩ ከደረሰ ከወር በላይ ቆይቶ ነው። «እንጀራ አልወርድ አላት፤ ወተትና ሾርባ ብቻ ነው የምትወስደው» አለችን። በዕለቱ ነጩን ነገር ቀምሳ አልቅሳ ነበር፣ በማግስቱ ዝም ስትል ተሻላት ብለው ተዉት። ቁስሉ ሲድን ጠባሳው የምግብ ቧንቧዋን አጥብቦት በምስል ስናየው እንደ ክር ቀጥኗል። ከዚያ በኋላ በየጊዜው እያደነዘዙ ቧንቧውን ማስፋት ሆነ። ስለዚህ ለእርስዎም የምጨምረው ይህን ነው፦ በሚቀጥሉት ሁለት ወራት ልጁ ደረቅ ምግብ መሸሽ ከጀመረ፣ ጉርሻውን አፉ ውስጥ ካንከባለለ፣ በየጉርሻው ውሃ ከጠየቀ ይመለሱ። በአንድ ጉንጭ ተራ በረኪና ይህ ይደርሳል ብዬ አልጠብቅም፤ ለመከታተል ግን አይከብድም።

ጎረቤትዎን እምቢ ማለትዎ የዚያን ቀን የተሠራ ትልቁ ሥራ ነው። ሲወርድ የለበለበው ሲመለስ ሁለተኛ ይለበልባል። ከዚያ የሚከፋው ደግሞ ልጁ እያስመለሰ ትን ሲለው ነው፤ ወደ ሳንባ ይገባል። በተለይ ነጭ ጋዝ፣ ቤንዚን ወይም ቲነር የጠጣን ልጅ ማስመለስ ደህናውን ልጅ ራሳችን እንደ መግደል ነው። እነዚህ ፈሳሾች ቀጫጭኖች ስለሆኑ ሆድ ውስጥ ከሚያደርሱት ጉዳት ይልቅ ጥቂት ጠብታ ሳንባ ውስጥ ገብቶ የሚያመጣው ይብሳል። ነጭ ጋዝ ጠጥቶ የሚያስል፣ ቶሎ ቶሎ የሚተነፍስ ልጅ ሳንባው ተነክቷል ማለት ነው። ላርጎና ኦሞ በትንሹ ሲቀመሱ እምብዛም አይጎዱም፤ አስመልሱት ሲባል ግን አረፋው ትን ይላል። በጨው ውሃ ማስመለስም ያው ነው። ጨው ራሱ በብዛት ሲገባ የትንሽ ልጅን ደም ይመርዛል።

ወተቱን በተመለከተ የእናትዎን ፊት ማየት አልፈልግም፣ ግን ልናገር። ወተት ማርከሻ አይደለም። የነቃና ያለ ችግር የሚውጥ ልጅ አፉ ከታጠበ በኋላ ሁለት ሦስት ጊዜ ውሃ ወይም ወተት ቢጎነጭ ጉሮሮው ላይ የቀረውን ያወርድለታል፣ ይህ ክፋት የለውም። አንድ ሙሉ ብርጭቆ ግን ጨጓራን ወጥሮ ያስመልሳል፤ ልጅዎን ያስመለሰው ከበረኪናው ይልቅ የአያቱ ወተት ሳይሆን አይቀርም። ነጭ ጋዝ ላይ ወተት ጭራሽ አይሰጥም። እንቁላል፣ ዘይት፣ ሎሚ፣ አቼቶ የሚባሉትም ሁሉ ይቅሩ። «አሲዱን በተቃራኒው በአልካሊ እናብርደው» የሚለው የትምህርት ቤት ዘዴ ጨጓራ ውስጥ ሙቀት ይፈጥራል፣ ቃጠሎ ላይ ቃጠሎ ነው። በረኪና ላይ ሎሚ ወይም አቼቶ መጨመር ደግሞ ጋዝ ያመጣል፤ እሱን ወደ በኋላ እመጣበታለሁ።

ታዲያ ምን ይደረግ? አፉ ውስጥ ያለውን በእርጥብ ጨርቅ መጥረግ፣ ፊቱን ማጠብ፣ የነካውን ልብስ ማውለቅ። ዓይኑ ውስጥ ከገባ ቀስ ብሎ በሚፈስ ንጹህ ውሃ ከ15 እስከ 20 ደቂቃ ማጠብ ነው፣ እየጮኸም ቢሆን፤ ሐኪም ቤት እስኪደረስ ከተጠበቀ ዓይኑ ሊጠፋ ይችላል። ከዚያ ዕቃውን ይዞ መሄድ ነው። «አንድ ነጭ ነገር ጠጣ» ከሚል ወላጅ ይልቅ ጠርሙሱን በፌስታል ጠቅልሎ የመጣ ወላጅ ሥራችንን በግማሽ ያቀልልናል። ሲደርሱ ደግሞ «ለምን ሆዱን አታጥቡትም?» ብለው አይጣሉን። በተለይ አባቶች በዚህ ይቆጡናል፤ ቱቦ ካልገባ ያልታከመ ይመስላቸዋል። የሚያቃጥል ነገር የጠጣን ሰው ቱቦ አስገብቶ ማጠብ የተቃጠለውን ቧንቧ ሊቀድ ይችላል። መርዝ እንዲመጥ የሚሰጠው የከሰል ዱቄትም አይጠቅመውም። አስፈላጊ ከሆነ በ24 ሰዓት ውስጥ በካሜራ ውስጡ ይታያል፤ በቱቦ የምንጎረጉረው ነገር የለም።

በጥያቄዎ ባይኖርም አንድ ነገር ልጨምር። ማጽጃ የሚጠጣው በስህተት ብቻ አይደለም። አንድ ትልቅ ሰው ጠጥቶ ሲገኝ፣ ራሱ «ትንሽ ነው፣ ተዉኝ» ቢልም ቤተሰብም ነውሩን ፈርቶ «ውሃ መስሎት ነው» ቢልም፣ ሳይቆጡ ሳይጠያየቁ ሆስፒታል ማድረስና ብቻውን አለመተው ነው። ለሐኪሙ እውነቱን መንገር ያስፈልጋል፤ ከጉሮሮው ሌላ የሚታከም ሕመም አለውና።

አሁን ወደ ጠርሙሱ ልምጣ። የዚህ ሁሉ ሥሩ እሱ ስለሆነ።

ሃይላንድ የሚለው ስም ራሱ ልብ ይበሉ፦ የአንድ የታሸገ ውሃ ስም ነበር፤ አሁን የትኛውም የፕላስቲክ ጠርሙስ በአፋችን ሃይላንድ ነው። ልጅም ሃይላንድ ሲያይ የሚያውቀው ውሃ ነው። ጠጥቶበታል፣ መኪና ውስጥ ተሰጥቶታል፣ ክዳኑን በጥርሱ መክፈት ለምዷል። በውስጡ በረኪና ስናስቀምጥ ልጁ ባለጌ ሆኖ ሳይሆን የተማረውን አክብሮ ነው የሚጠጣው። ትልቁም አይቀርለትም። እኔው ራሴ አንድ ቀን ማታ ከተረኝነት ደክሜ ገብቼ፣ ወጥ ቤት ጠረጴዛ ላይ ያለውን ሃይላንድ ከፍቼ ወደ አፌ ካነሳሁ በኋላ ነው ሽታው አፍንጫዬን የመታኝ። በረኪና ያለቀባት ጎረቤት ከቤታችን የተበደረችውን መልሳ ነበር፣ በምን? በሃይላንድ። ስለ መመረዝ ሳስተምር የዋልኩበት ቀን ነበር እንግዲህ።

በመጋቢት 2012 ዓ.ም. ኮቪድ አገራችን ከገባ ወዲህ ነገሩ ብሷል። አልኮሉም፣ ሳኒታይዘሩም፣ በረኪናውም በትናንሽ የውሃ ጠርሙስ እየተቀዳ በየቦርሳውና በየመስኮቱ ተቀመጠ፤ ብዙ ቤት ልማዱ እንዳለ ቀርቷል። ፈሳሽ ሳሙናም ሰፈር ውስጥ የሚሸጠው በዚሁ ዕቃ ነው፣ ቀለሙ ደግሞ ብርቱካን ጭማቂ።

«ስም ይጻፍበት» የሚለው ምክር ግማሽ ምክር ነው። የሁለት ዓመት ልጅ አያነብም። ከገጠር መጥታ ገና ማታ የምትማር ሠራተኛም ላታነብ ትችላለች። መፍትሔው የበረኪናው የራሱ ጠርሙስ ሲያልቅ አለመጣል ነው፤ በልክ ከሚሸጥ ቤት ሲገዙ እሱን ይዘው ይሂዱና በእሱ ይቀዳልዎ። ሌላ ዕቃ ከጠፋ በረኪናው ይቅር እንጂ በሃይላንድ አይምጣ። አሜሪካ ውስጥ ከ1970 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ ልጅ በቀላሉ የማይከፍተው ክዳን በሕግ የተያዘ ጉዳይ ነው፤ እኛ ሱቅ ያለው ክዳን ግን ልጅ ይቅርና ወድቆም ይከፈታል። ስለዚህ ከፍታና ቁልፍ የእኛ ክዳን ይሁኑ። ከሲንኩ ሥር ያለው ቁምሳጥን ለእኛ የተደበቀ ቦታ ይመስላል፣ ለልጁ ግን ልክ በዓይኑ ትይዩ ነው።

ብዙ ልጆች የሚጠጡት ግን ከቁምሳጥን አውጥተው አይደለም፤ እየተሠራበት ሳለ ነው። የእርስዎም ቤት የሆነው ያ ነው። በር ይንኳኳል፣ ስልክ ይጠራል፣ ወጡ ይገነፍላል፣ ሠራተኛዋ ሮጣ ትሄዳለች፣ ጠርሙሱ ክዳኑ ተከፍቶ መሬት ላይ። ወይም በረኪናው በሻይ ብርጭቆ ተለክቶ ብርጭቆው ሲንክ ዳር ይቀመጣል፤ ታችኛው ላይ የቀረችው ውሃ ትመስላለች። መለኪያው ማንም የማይጠጣበት፣ ከበረኪናው ጋር አብሮ የሚቆለፍ ይሁን። በበረኪና የተሞላ ባልዲም ልጅ ባለበት ቤት ለአንድ ደቂቃ እንኳ አይተውም፤ ከመጠጣቱ በላይ በጭንቅላቱ ቢገባበትስ?

የቀረችው ሠራተኛዎ ናት። ደብዳቤዎን ሳነብ ከልጅዎ ይልቅ ያሳሰበችኝ እሷ ነች።

በረኪና ከአሲድ ጋር ሲገናኝ ክሎሪን ጋዝ ይለቃል። የሽንት ቤት ማጽጃ አሲዶች አብዛኞቹ ሃይድሮክሎሪክ አሲድ አለባቸው፤ ሁለቱ ሲቀላቀሉ ይፍለቀለቃል፣ ይጨሳል፣ ሽታው ይበረታል። የሚያጥበው ሰው ደግሞ «ይኸው ቆሻሻው እየለቀቀ ነው» ይላል። ሽታው ዓይን ካላስለቀሰ ቤቱ አልጸዳም የሚል እምነት አለን፣ መቼም ከየት እንዳመጣነው አላውቅም። አቼቶም አሲድ ነው። በነገራችን ላይ በረኪናም አቼቶም ስማቸውን ከጣሊያንኛ ያገኙ ናቸው፣ ቫሬኪናና አቼቶ፤ አብረው ቢመጡም በአንድ ባልዲ እንዲገናኙ አይፈቀድላቸውም። ሌላው ተጋቢ አሞኒያ ነው። አንዳንድ የመስታወት ማጽጃ ውስጥ አለ፤ በቆየ ሽንትም ውስጥ አለ። ያደረ ፖፖ ላይ ወይም ውሃ ያልተደፋበት ሽንት ቤት ላይ በረኪና ብቻውን ሲደፋ ክሎራሚን የሚባል ሌላ የሚያፍን ጋዝ ይወጣል። ስለዚህ መጀመሪያ በውሃ ጥሩ አድርጎ መልቀቅ፣ ከዚያ በረኪና፣ በሩ ተከፍቶ።

ክሎሪን ከአየር ሁለት እጥፍ ተኩል ገደማ ይከብዳል። ስለዚህ ወደ ላይ አይነሳም፣ ወደ ወለል ይተኛል። ጠባብ ሽንት ቤት ውስጥ ተንበርክካ የምትፈትግ ሴት ከቆመ ሰው የበለጠ ትስባለች፤ በሯ ላይ የሚድኸው ሕፃንም እንደዚያው። አረብ አገር መስኮት የሌለው መታጠቢያ ቤት ዘግታችሁ በክሎሮክስ (ያው በረኪና ነው) እና በአሲድ የምታጥቡ እህቶች ይህን ለእናንተም እያልኩ ነው። «እመቤቴ ቀላቅዪ ብላኛለች» ሲሆን አስቸጋሪ መሆኑ ይገባኛል፤ ቢያንስ አንዱን ተጠቅማችሁ በብዙ ውሃ ካለቀለቃችሁ በኋላ ነው ሌላው የሚነካው።

ጋዙ የነካው ሰው ዓይኑ ያለቅሳል፣ ጉሮሮው ይከረክረዋል፣ ያስለዋል፣ ደረቱ ይጨመደዳል። ወዲያው ወጥቶ ንጹህ አየር ማግኘት ነው፤ ባልዲውን ልድፋ ብሎ መመለስ የለም። ብዙው ሰው በሰዓታት ውስጥ ይሻለዋል። ብዙ የሳበ ግን መጀመሪያ የተሻለው መስሎ በዚያው ቀን ማታ ወይም በማግስቱ ሳንባው ውሃ ሊቋጥርበት ይችላል፤ ለዚህ ነው 24 ሰዓት በዓይን የሚጠበቀው። አስም ያለበት ሰው ላይ ይከፋል። የእርስዎ ሠራተኛ ያቺን የመጀመሪያ ቀን አልፋለች፣ ያ መልካም ነው። ከቅዳሜ እስከ ሐሙስ የዘለቀ ሳል ግን ዝም የሚባል አይደለም። የአየር ቧንቧዋ ተቆጥቶ እንደ አስም እያደረጋት ሊሆን ይችላል፣ ወይም ሳንባ ምች ተደርቦባት ይሆናል። ሁለቱም መድኃኒት አላቸው። ደረቷ መደመጥ፣ ኦክስጅኗ መለካት፣ ካስፈለገም ራጅ መነሳት አለባት። ደረጃ ስትወጣ ትንፋሽ የሚያጥራት፣ ተኝታ መተንፈስ የሚያቅታት፣ ከንፈሯ የሚጠቁር ከሆነ ነገ አይባልም። በአዲስ አበባ የቀይ መስቀል አምቡላንስ በ907፣ የእሳትና ድንገተኛ አደጋ በ939 ይገኛሉ። (አሜሪካ ያላችሁ አንባቢዎች በ1-800-222-1222 የመርዝ መረጃ ማዕከሉን ቀንም ሌሊትም በነፃ መጠየቅ ትችላላችሁ፤ አስተርጓሚ ጠይቁ።)

ላሰናብታት ላሉት፣ የጠየቁኝ የሕክምና ጉዳይ ባይሆንም ሐሳቤን ልስጥ። አሲዱ ላይ ማስጠንቀቂያ ካለ የተጻፈው ብዙውን ጊዜ በእንግሊዝኛ ነው፤ በረኪናው ደግሞ በሃይላንድ ስለነበር ምንም አልተጻፈበትም። ሁለቱን አትቀላቅዪ ብሎ የነገራት ሰው ነበር? እሷ ብትሄድ የምትመጣውም ያንኑ ጠርሙስ ነው የምታገኘው። ይልቅ አብረው ቆመው አንድ ጊዜ ያሳዩዋት። በረኪናው 5 በመቶ ከሆነ ለ10 ሊትር ቀዝቃዛ ውሃ 200 ሚሊ ሊትር ለወለል ከበቂ በላይ ነው። ሙቅ ውሃ አያስፈልገውም፤ ሙቀት ሽታውን እንጂ ሥራውን አይጨምርለትም። ጓንት ይግዙላት። በር ሲንኳኳ መጀመሪያ ክዳኑን፣ ከዚያ በሩን።

ዛሬውኑ ሐኪም ቤት ይውሰዷት። የቀላቀለቻቸውን የሁለቱንም ዕቃ ይያዙ፤ ሃይላንዱን ግን በሌላ ፌስታል ለብቻ ጠቅልለው፣ ተረኛዋ ነርስ ውሃ መስሏት ጠረጴዛዋ ላይ እንዳታስቀምጠው።